ለሰራተኞችሽ ጆተኒ ከመግዛትሽ በፊት

እህቴ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። "ወደ 40 ሰራተኛ አለኝ፣ ጠዋት ሲገቡ ፊታቸው ይከብዳል፣ ጎበዝ ጎበዞቹ እየለቀቁብኝ ነው፣ እሁድ እሁድ ሶደሬ ልውሰዳቸው ወይስ ጆተኒና ፑል ላስገባላቸው" ነው ያልሽው። እኔ ኤችአር ላይ ብዙ ቆይቻለሁ፣ መጀመሪያ ጋርመንት ፋብሪካ ኋላ ደግሞ አስመጪ ድርጅት ውስጥ፣ እና ያየሁትን ልንገርሽ፣ ትንሽ ይረዝማል።

ሶደሬ አትሂዱ አልልም ግን እሁዳቸውን አትንኪባቸው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ምሳ ሰዓት የሚሰራ ሰው ያለችው እሁድ ናት፣ ቤተክርስቲያን አለ፣ ልብስ ማጠብ አለ፣ እድር አለ፣ ለቅሶ መድረስ አለ፣ ልጇን የምትተውለት ሰው የሌላት እናት አለች። እኛም እሁድ ይዘናቸው ወጥተን ነበር፣ ፎቶው ላይ ሁሉም ይስቃል፣ ሰኞ ግን ድክም ብሏቸው ነው የገቡት፣ የቀሩት ደግሞ "ለምን ቀረህ" ሲባሉ ሰነበቱ። መቅረት የሚያስጠይቅ መዝናኛ ያው ስራ ነው ባይ ነኝ። በኋላ ሐሙስ አደረግነው (አርብ ጾምም ጁምዓም አለ)፣ በስራ ሰዓት፣ እዚሁ እንጦጦ ፓርክ፣ አስር ሰዓት ላይ ሁሉም ወደ ቤቱ። እስካሁን የሚያወሩት ስለዛች ቀን ነው፣ ወጪዋም ከሶደሬው በጣም ያነሰ ነበር።

ጆተኒውንም ገዝተን ነበር። የስራ አስኪያጁ ቢሮ መስታወት ፊት ለፊት አስቀመጡት፣ ማን ደፍሮ ይጫወት? አቧራ ጠጣ። የሆነ ጊዜ ቦታ ሲጠብ መጋዘኑ ጀርባ ወሰዱት፣ ከዛ ምሳ ሰዓት ላይ ወረፋ ሆነ፣ ሹፌሩ ፋይናንሱን ሲያሸንፈው ጩኸቱ ግቢውን ያናውጠው ነበር። ስለዚህ ከገዛሽ አንቺ የማትታዪበት ቦታ አድርጊው።

ግን ፊት የሚያከብደው ነገር ሌላ ነው። ፋብሪካው ውስጥ የወር መጨረሻ ሲደርስ ጭቅጭቅ አይጠፋም ነበር፣ ኦቨርታይም ተበላብን እያሉ። ሂሳቡ ሲታይ ብዙውን ጊዜ ልክ ነው፣ ችግሩ ወረቀቱ ላይ አንድ ድምር ብቻ ነው የሚወጣው፣ የቱ ቀን በስንት እንደተሰላ ማንም አያውቅም። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ላይ ያለው ግልጽ ነው፣ የሰዓቱ መደበኛ ክፍያ ኦቨርታይሙ ከንጋቱ 12 እስከ ማታ 4 ሰዓት ከሆነ በ1.5፣ ከማታ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን በ2፣ በህዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። ይሄንን በየመስመሩ ዘርዝረን በወረቀት መስጠት ስንጀምር ጭቅጭቁ በጣም ቀነሰ፣ ሱፐርቫይዘሮቹና ልጆቹም ሰላም መባባል ጀመሩ። አንድ ብር አልጨመርንም እኮ! የአመት ፈቃዱም እንደዛው፣ ለመጀመሪያው አመት 16 የስራ ቀን ነው፣ "አሁን ስራ በዝቷል" እየተባለ ከተንከባለለ ሰውየው ቢስቅም ከአንገት በላይ ነው።

ከላይ ኮመንት ላይ ቡና አፍሉላቸው ያሉሽ ብዙ ናቸው፣ እኔም እስማማለሁ፣ ግን ማን ነው የሚያፈላው? እኛ ጋ መጀመሪያ የጽዳት ሰራተኛዋ ላይ ነው የተጫነው፣ ሌላው ሲዝናና እሷ ሰማኒያውን ሲኒ ታጥባለች፣ ያውም ያለ ጭማሪ። ኋላ ላይ ተከፍሏት በስራዋ ውስጥ እንዲገባ ተደረገ፣ ማጠቡ ደግሞ በየክፍሉ ተራ ሆነ፣ የአይቲው ልጅ ሲኒ ሲሰብር ነበር ቡናው የሞቀው። ረቡዕና አርብ ዳቦ ቆሎ እንጂ ኬክ እንዳትልኪ፣ ረመዳን ላይ የሚጾሙት ቀደም ብለው ይውጡ፣ እነዚህን ሳይጠይቁሽ ስታደርጊው ነው የሚታወስልሽ።

የበዓል ስጦታ ካለ ለጥበቃውም ለሂሳብ ሹሟም እኩል ይሁን፣ ዘይትና ዶሮ ላይ ደረጃ አያስፈልግም። የአስተያየት ሳጥን አልወድም፣ የእጅ ጽሁፉ ይታወቅብኛል ብሎ ማንም አይጽፍም። የወሩ ምርጥ ሰራተኛ ፎቶም እኛ ጋ በተራ የሚደርስ እቁብ ነበር የሆነው፣ ያ ካልሆነ ደግሞ ልጁን "የአለቃ ሰው" ያስብሉታል። ጥሩ የሰራን ሰው ምን እንደሰራ ጠቅሰሽ በደብዳቤ አመስግኚውና ኮፒውን ፋይሉ ውስጥ አስገቢ፣ እናቱ ጋ ወስዶ የሚያሳይ አይቻለሁ።

ማታ ሦስት ሰዓት ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ስራ የምትልኪ ከሆነ ደግሞ እሱን ዛሬውኑ አቁሚ፣ እባክሽ።

ለማንኛውም ሰርቪስ አላቸው ወይስ በታክሲ ነው የሚመጡት? ደሞዝስ ወር በገባ በስንተኛው ቀን ነው የምትከፍዪው? የለቀቁትስ የት ነው የገቡት? እሱን ጻፊልኝና ሶደሬው ላይ ያኔ እናወራለን።