መልስ፦ የድሮ ቶምና ጄሪ መሰብሰብ ያዋጣል ወይ?

ወንድሜ፣ «ሁሉም ዩቲዩብ ላይ እያለ የ1940ዎቹን ቶምና ጄሪ ምን ብዬ ልሰብስብ?» ላልከው፣ እኔ ሰብስብ ባይ ነኝ። የቶምና ጄሪ ፈጣሪዎች ዊልያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1958 ኤምጂኤም ለሚባለው የአሜሪካ ፊልም ስቱዲዮ 114 አጫጭር ፊልሞች ሠርተዋል፤ ሰባቱ ኦስካር ወስደዋል። ውበቱ ግን ሽልማቱ ላይ አይደለም። ቶም ሱፍ ለብሶ ፒያኖ የሚጫወትበትን ክፍል ቀስ አድርገህ እየው፤ ጣቶቹ ቁልፎቹ ላይ የሚያርፉት ከሙዚቃ ደራሲው ከፍራንዝ ሊስት ሙዚቃ ጋር እኩል ነው፣ ፒያኖው ውስጥ የተኛው ጄሪ ነቅቶ ሲረብሸው ደግሞ ቶም ሕዝብ ፊት ኩራቱን ላለማጣት ሲታገል አንድ ቃል ሳይናገር ሁሉንም ከፊቱ ታነባለህ። ያ የቶም ጩኸት እኮ የራሱ የሃና ድምፅ ነው!

ግልጽ ፕላስቲክ ላይ በቀለም የተሳሉት ዋናዎቹ ምስሎች ውድ ናቸው፤ ያኔ ስቱዲዮዎች ብዙዎቹን አጥበው ደግመው ይጠቀሙባቸው ወይም ይጥሏቸው ነበርና። ቅጂውን እንደ ኦርጂናል የሚሸጥ ስላለ፣ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት ሳታይ ብር እንዳትከፍል። 16 ሚሊሜትር ፊልም ካገኘህ መጀመሪያ ቆርቆሮውን ከፍተህ አሽትተው፤ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለህ መበላሸት ጀምሯልና ተወው። ለጀማሪ ግን በደንብ የታደሰ ዲስክ ይበቃል።