በአንድ ስልክ 62 ልጅ ሲተርክ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። «ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ከ60 በላይ ናቸው፣ ያለኝ የራሴ ስልክ ብቻ ነው። ስልጠና ላይ ዲጂታል ትረካ አሠሩ ተባልን። እውነት ይቻላል? ወይስ ክፍለ ጊዜ ማባከን ነው?» ነው ያልሽው። አብሽሪ፣ ይቻላል። ዲጂታል ትረካ ማለት ልጁ ታሪኩን በራሱ ድምፅ ቀድቶ ከሥዕል ጋር ማቅረቡ ነው። እኔ ወሎ ውስጥ ሐይቅ ከተማ አካባቢ አራተኛ ክፍል አማርኛ ሳስተምር ሦስት ዓመት ሠርቼዋለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ግን አልሆነልኝም።

ያኔ ነገሩ ቪዲዮ መሥራት መስሎኝ ነበር። ልጆቹ ሥዕል ሣሉ፣ ድምፃቸውን ቀዳሁ። ከዚያ ማታ ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ካፕከት በሚባል የቪዲዮ ማቀናበሪያ ስቆርጥ ስቀጥል አመሻለሁ። ሙዚቃም ጨመርኩበት። ያምር ነበር። ልጆቹ ግን የሰው ሥራ እንደሚያይ አዩት፣ ወጡ፣ አለቀ። በሳምንቱ አንዳቸውም አላነሱትም።

ኋላ ስለ አጀማመሩ አነበብኩ። ይህን አሠራር በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያስጀመሩት እነ ጆ ላምበርት ሰዉን መጀመሪያ ክብ ሠርቶ ያስቀምጡታል። እያንዳንዱ ታሪኩን በአፉ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። ሥዕሉና ቀረጻው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። የሚወጣውም ሥራ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። አንብቤ ስጨርስ የኛ ልጆች ይህን ከቡና ረከቦት አጠገብ ያውቁታል አልኩ።

በሁለተኛው ዓመት ስልኩን ለሁለት ሳምንት አላወጣሁትም። የቤት ሥራው አንድ ብቻ ነበር፦ ሐይቁ እንዴት እንደተፈጠረ ቤት ያሉ ትልልቅ ሰዎችን ጠይቃችሁ ኑ። አፈ ታሪኩን ሳትሰሚው አትቀሪም። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ትበደላለች፣ ፈጣሪ ይቆጣል፣ ዙሪያዋ ሁሉ ውሃ ይሆናል። እሷ የተቀመጠችበት ብቻ ደረቅ ይቀራል። ያ ቦታ ነው ዛሬ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት። ልጆቹ ግን የተለያየ ይዘው መጡ። በዳይዋ ልዕልት ናት የሚል አለ፣ አይደለችም የሚል አለ። ተከራከሩ። ክርክሩን አላስቆምኩም፤ ከዚያ በፊት እንደዚያ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

አወቃቀሩን በቡና አስተማርኳቸው። መነሻ፣ ጡዘት፣ ልቀት ብል ማን ይሰማኛል? አቦሉ ላይ ሴትዮዋ ማን ናት፣ የት ነበረች። ቶናው ላይ ምን ደረሰባት። በረካው ላይ ውሃው። አንድ ወረቀት ስድስት ቦታ አጥፈው ለእያንዳንዱ የቡና ዙር ሁለት ሁለት ሥዕል ሣሉ። ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር አንድ ወይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ርዕሱንም በእጃቸው በወረቀት ጽፈው ፎቶ አነሳነው። የእጅ ጽሑፋቸው መሆኑን ሲያዩ ደስታቸው ልዩ ነበር።

አሁን ስለ ቀረጻው። ለኔ የነገሩ ልብ እዚህ ነው።

መጻሕፍት ክፍሉን መስኮቱ ላይ ጋቢ ሰቅለን ተጠቀምንበት። ቆርቆሮ ጣሪያው በነፋስ ስለሚንኳኳ ጠዋት ጠዋት እንቀዳ ነበር። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጊው። ከአፍ አንድ ስንዝር አርቂው፣ ትንሽ ወደ ጎን ይሁን፤ አለበለዚያ ፐ ሲመጣ ትንፋሹ ድምፁን ያበላሸዋል። አንዲት ጮክ ብላ አንብባ የማታውቅ ልጅ ነበረችኝ። የሷ ዓረፍተ ነገር «ሴትዮዋም ብቻዬን ቀረሁ አለች» የሚል ነው። አነበበች፣ አሰማኋት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ሰማችና ዝም አለች። ከዚያ «መምህር፣ ይደገም። ተናገረች ነው የምለው፣ እኔ ግን አለች ብዬ አጠበቅኩት፤ ቤት ውስጥ አለች እንደሚባለው» አለችኝ። አራት ጊዜ ደገመችው። ማጥበቅና ማላላት ፊደላችን ላይ አይታይም፤ ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ለፍቼበታለሁ። እሷ በገዛ ጆሮዋ አገኘችው። ስለዚህ ልጁ የቀዳውን ራሱ ሳይሰማ አትለፊ። ጊዜ ካጠረሽ ሥዕሉን ቀንሺ፣ ማዳመጡን አትቀንሺ።

ያ ሁሉ ልጅ እንዴት ይዳረሳል ብትይ፣ እኔ የነበሩኝን 62 ልጆች አሥር ቡድን አደረግኳቸው። በየቡድኑ ሁለት ይተርካሉ፣ ሌሎቹ ይሥላሉ፣ ይጽፋሉ፣ አንዱ ስልኩን ይይዛል። መግቢያውን ግን ሁሉም አብረው ነው የተቀዱት። አንዱ «ተረት ተረት» ይላል፣ ክፍሉ በሙሉ «የላም በረት» ይመልሳል። ያን ድምፅ በአሥሩም ሥራ መጀመሪያ ላይ አደረግነው። ሳይተርክ የቀረ ልጅም የራሱን ድምፅ እየፈለገ ያዳምጥ ነበር። በጠቅላላው ስምንት ክፍለ ጊዜ ወሰደ። መስማት፣ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ ሁሉም ስላለበት ለተከታታይ ምዘና ያዝኩት፤ ከትምህርቱ የወጣ ነገር የለውም።

አንድ ነገር ግን አደራ። በሦስተኛው ዓመት «የማልረሳው ቀን» የሚል ርዕስ ሰጠሁ። አንድ ልጅ በ2014ቱ ጦርነት ሌሊት ከቤት የወጡበትን ጀመረ። ወንድሙ ጋ ሲደርስ ቃል አልወጣው አለ። ቀረጻውን አቁሜ የተቀዳውን አጠፋሁት፣ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ ከሰዓት በኋላም እናቱን አነጋገርኩ። ርዕሱ የኔ ጥፋት ነው። የወሎ ልጆች ምን ተሸክመው እንደሚመጡ እያወቅኩ ማሰብ ነበረብኝ። አሁን ርዕሱን ልጆቹ ይመርጣሉ፤ የአያት ተረት፣ የገበያ ቀን፣ የጠፋች ፍየል። ፊታቸውንም አላነሳም፣ በሥዕል ብቻ ነው። ወላጅ ሳይፈቅድ ከክፍል የሚወጣ ነገር የለም።

ፕሮጀክተር የለንም። የወላጆች ቀን ላይ ሥዕሎቹን ግድግዳ ላይ ለጥፈን ድምፁን በሚኒ ሚዲያው ስፒከር ለቀቅነው። «ተረት ተረት» ሲል ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ከልጆቹ ቀድመው «የላም በረት» አሉ።

ደግሞ ከመጀመርሽ በፊት የስልክሽን ጋለሪ አራግፊ። እኔ ሞልቶብኝ የአንድ ቡድን ቀረጻ ጠፍቷል፤ ልጆቹን እንደገና ማስቀዳት ከብዶኝ ነበር። የቀዳሽውን በዚያው ቀን ፍላሽ ላይ ገልብጪ።