የዝርያዎች የዝምድና ዛፍ ሶፍትዌሮች፦ የአባላት ጥያቄና የዶክተሩ መልስ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የቀይ ቀበሮ (የኢትዮጵያ ተኩላ)፣ የተኩላ፣ የኮዮቲ (የሰሜን አሜሪካ የተኩላ ዘመድ) እና የውሻ ሳይቶክሮም ቢ የሚባለውን የሚቶኮንድሪያ (የሴል ኃይል አመንጪ ክፍል) ጂን ሰብስቤያለሁ። አይኪው-ትሪ በሚባለው ሶፍትዌር የዝምድና ዛፍ ለመሥራት ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከዛፉ አትጀምር። ሶፍትዌሩ የሰጠኸውን ሁሉ ተቀብሎ ዛፍ ያወጣል፤ ዳታህ ተበላሽቷል ብሎ አይመልስህም። መጀመሪያ የጂኖቹን ፊደሎች ማፍት በሚባለው ሶፍትዌር ቦታ በቦታ አሰልፍ፤ ውጤቱ አላይንመንት ይባላል። ናሙናዎችህ ከ200 በታች ከሆኑ ኤል-ኢንስ-አይ የሚባለውን ዘዴ ተጠቀም፤ ቢዘገይም ይበልጥ ያስተማምናል። ከዚያ አላይንመንቱን በማሳያው ሶፍትዌር በአሊቪው ከፍተህ በዓይንህ እየው። ይህ ጂን በአጥቢዎች አብዛኛውን ጊዜ 1140 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል)፣ ማለትም 380 ኮዶን (ሦስት ሦስት ቤዝ) ነው። መሀሉ ላይ የአንድ ወይም የሁለት ቤዝ ክፍተት ካየህ ወይ የንባብ ስህተት ነው፣ ወይ ደግሞ ድሮ ወደ ኒውክሊየስ የገባ የሚቶኮንድሪያ ቅጂ ነው። ቅጂው ከእውነተኛው ጂን ጋር ከተደባለቀ የምታየው ዝምድና የዝርያዎቹ አይደለም።

ጥያቄ፦ ወደ ፕሮቲን ስቀይረው መሀሉ በማቆሚያ ኮዶን ተሞላ። ልጣለው?

መልስ፦ በየትኛው የጄኔቲክ ኮድ ሠንጠረዥ ቀየርሽው? በመደበኛው ከሆነ ቲጂኤ የሚለው ኮዶን ማቆሚያ ነው፤ የጀርባ አጥንት ባላቸው እንስሳት ሚቶኮንድሪያ ግን ትሪፕቶፋን የተባለ አሚኖ አሲድ ነው። ሠንጠረዥ ቁጥር 2ን መርጠሽ ድገሚው። መሀሉ ላይ አሁንም ማቆሚያ ከቀረ ያኔ ጣዪው። ኤጂኤ በዚሁ ሠንጠረዥ ማቆሚያ ስለሆነ የጂኑ መጨረሻ ላይ ብታገኚው አትደንግጪ።

ጥያቄ፦ የቱ ሶፍትዌር ይሻላል?

መልስ፦ ለምን ሥራ? ስንት ዝርያ? ስንት ጂን? ይህን ሳትጽፉ አትጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ የቅርንጫፎችን አስተማማኝነት የሚለካውን ቡትስትራፕ 1000 ጊዜ አዝዤ ከትናንት ጀምሮ አላለቀም።

መልስ፦ በትእዛዙ ትንሹን ቢ (-b) ጽፈሃል። እሱ መደበኛው ቡትስትራፕ ነው፤ እያንዳንዱን ዛፍ ከባዶ ይፈልጋል። በአይኪው-ትሪ 2 ፈጣኑ ቡትስትራፕ በትልቁ ቢ (-B) ነው የሚታዘዘው፣ ቢያንስ 1000 ድግግሞሽ ይፈልጋል። ቁጥሩን ስታነብ ግን ተጠንቀቅ፦ በፈጣኑ 95 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ቅርንጫፍ ነው የሚታመነው። 86 አይታመንም። በመደበኛው 70 የሚለውን ልማድ እዚህ አታምጣው፤ ሁለቱ አንድ ሚዛን አይደሉም። የዲኤንኤ ለውጥ ሞዴሉ ከዳታው ጋር ካልገጠመ ፈጣኑ ቁጥሩን ያጋንናል፤ ለዚህ ቢኤንኤንአይ (-bnni) የሚለውን አማራጭ ጨምር። ሞዴሉንም በግምት አትምረጥ፣ በአይኪው-ትሪ ውስጥ ላለው ለሞዴልፋይንደር ተውለት። ሦስተኛው የኮዶን ቦታ ከሁለቱ ይልቅ በፍጥነት ስለሚለወጥ ሦስቱን ቦታዎች ለይተህ ስጠው።

ሌላ አባል፦ መጀመሪያ ነገር «ቀይ ቀበሮ» ማለታችን ስህተት ነው። እንስሳው ተኩላ ነው።

ሌላ አባል፦ ስሙን ያወጣው የባሌና የሰሜን ሰው እንጂ ዲኤንኤ አይደለም። ሕዝብ የሚጠራበትን ስም ምን አመጣው?

ሌላ አባል፦ ተማሪዎች ግን ከቀበሮ ጋር ያዛምዱታል!

መልስ፦ በ1994 የወጣው የሚቶኮንድሪያ ጥናት ከግራጫው ተኩላና ከኮዮቲ ጋር እንደሚቀራረብ አሳይቷል። ስሙን ሌላ ቦታ ተከራከሩበት፣ ጥያቄዎች እየጠበቁ ነው።

ጥያቄ፦ ድመትን አውትግሩፕ (ከቡድኑ ውጭ ያለ ማነጻጸሪያ) ባደርግስ?

መልስ፦ ሩቅ ነው። በጣም ረጅም ቅርንጫፍ ከውስጥ ያሉትን ረጃጅሞች ወደ ራሱ ይስባል፣ ሥሩም የተሳሳተ ቦታ ይገባል። ጥቁር ጀርባ ቀበሮን ውሰድ፤ ከእነዚህ ዘመዶች ውጭ ነው፣ ግን ቅርብ ነው።

ጥያቄ፦ ቢስት በሚባለው ሶፍትዌር የቅርንጫፎቹን ዕድሜ ለማስላት የትኛውን ቅሪተ አካል ልጠቀም?

መልስ፦ የቅሪተ አካል ባለሙያ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ሌላውን የዛፍ ሶፍትዌር፣ ሚስተርቤይስን፣ መቼ ላቁመው?

መልስ፦ ጎን ለጎን የሚያስኬዳቸው ሁለት ሩጫዎች ሲስማሙ። የስፕሊት (የዛፍ ክፍፍል) ድግግሞሽ መደበኛ ልዩነት አማካይ ከ0.01 በታች ይውረድ፣ ውጤቱን በሚያሳየው ሶፍትዌር በትሬሰር ደግሞ የእያንዳንዱ መለኪያ ኢኤስኤስ (የውጤታማ ናሙናዎች ብዛት) ከ200 በላይ ይሁን። አንዱ ብቻ አይበቃም።

ጥያቄ፦ ዛፌ ልክ አይመስልም፣ ውሻ ከተኩላ ጋር መሆን ሲገባው ከኮዮቲ ጋር ወጣ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አላይንመንቱን ከፍተህ አይተኸዋል?

ጥያቄ፦ ገና ነኝ።

መልስ፦ ለሦስተኛ ጊዜ ነው የምጽፈው፦ ክፈተው። የውሻውን መስመር ከተኩላው በታች አስቀምጥና ከመጀመሪያው ኮዶን እስከ መጨረሻው አወዳድር። የፋይሉንም ስሞች አጣራ፤ በስም መሀል ባዶ ቦታ ካለ በአንዳንድ ሶፍትዌሮች ከዚያ በኋላ ያለው ሊቆረጥና ሁለት ናሙናዎች አንድ ስም ሊይዙ ይችላሉ። በባዶው ምትክ የታች ሰረዝ አድርግ።

ጥያቄ፦ እውነትም ስሞቹ ባዶ ቦታ አላቸው። አሁን አስተካክዬ እንደገና አሠራዋለሁ።