ጥሩ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ መምህር ለመሆን ሌላ ዓመት መሠልጠን አለብኝ?

ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ከአሥር ዓመት በላይ የሠራሁት በአብዛኛው ስትሮክ ካጋጠማቸው ታካሚዎች ጋር ነው። ለተግባር ልምምድ ወደ ክፍላችን የሚላኩ ተማሪዎችን ስለምቆጣጠርም መምህርነት ሳላስበው እየሳበኝ መጥቷል። በቅርቡ አንድ ዩኒቨርሲቲ በመምህርነት ሬዚደንሲ የአንድ ዓመት ቦታ ሰጥቶኛል። ፕሮግራሙ በሕክምና ልምድ ያለውን ባለሙያ ከአንድ ነባር መምህር ጋር አቆራኝቶ፣ እያስተማረ መምህርነትን እንዲማር የሚያደርግ ነው። ክፍያው ግን አሁን ከማገኘው ደመወዝ በግልጽ ያነሰ ነው።

የባልደረቦቼ አስተያየት ለሁለት ተከፍሏል። አንዳንዶቹ «ሥራውን ጠንቅቀሽ ታውቂዋለሽ፤ በቀጥታ ለመምህርነት ማመልከት ስትችይ ዓመት ሙሉ በትንሽ ክፍያ ሠልጣኝ መሆን ለምን አስፈለገ?» ይሉኛል። ሌሎቹ ደግሞ ዓመቱን ለፒኤችዲ ባውለው እንደሚሻል ይመክሩኛል።

እኔን የሚያብሰለስለኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ታካሚ ከወንበር ሊነሡ ሲሉ እጄን ጉልበታቸው ላይ አሳረፍሁ፤ ወዲያው ጉልበታቸው ከዳቸው፤ ደግፌ መልሼ አስቀመጥኋቸው። አጠገቤ የነበረች ተማሪ «ጉልበታቸው እንደሚከዳቸው አስቀድመው እንዴት ዐወቁ?» ስትል ጠየቀችኝ። «ያስታውቃል» አልኋት። ምኑ እንደሚያስታውቅ ብትጠይቀኝ ኖሮ የምመልሰው አልነበረኝም። ይህን ማስረዳት መቻል በሬዚደንሲ የሚገኝ ነው ወይስ ከጊዜ ጋር የሚመጣ? ምክርዎን እጠብቃለሁ።

አክባሪዎ፣ ለመወሰን የተቸገርሁ ፊዚዮቴራፒስት


ውድ ጠያቂያችን፣

ከደመወዙም ከፒኤችዲውም በፊት የተማሪዋን ጥያቄ ላስቀድም፤ ሬዚደንሲው ለእርስዎ ያስፈልግ እንደሆነና እንዳልሆነ የሚለየው በእሱ ነውና።

ነገሩ ለእርስዎ በእርግጥ ያስታውቃል። ታካሚው ለመነሣት ሲዘጋጁ የደከመው እግራቸው ወደ ኋላ ሳይሳብ ከጉልበታቸው ፊት ቀርቶ፣ ክብደታቸው ወደ ጤነኛው ጎን አድልቶ፣ ደረታቸው ወደ ፊት ሳያጎነብስ ሽቅብ መግፋት ጀምረው ሊሆን ይችላል። እርስዎ ይህን ሁሉ በአንድ እይታ አንብበው እጅዎን ሰነዘሩ፤ ተማሪዋ ግን ያየችው እጅዎን ብቻ ነው። ልምድ ብዙ ምልክቶችን ጠቅልሎ አንድ ያደርጋቸዋል፤ ሲጠቀልላቸውም ከባለሙያው ከራሱ ይሰውራቸዋል። ስለዚህ ከጊዜ ጋር ይመጣል ወይ ላሉት መልሴ፣ ጊዜ ብቻውን ነገሩን ያርቀዋል እንጂ አያቀርበውም የሚል ነው። አሥር ዓመት የሠራ ሰው ጀማሪ ሳለ ምን እንዳልታየው ማስታወስ ይቸግረዋል፤ ሃያ ዓመት ሲሞላው ደግሞ ይብስበታል።

አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ሊ ሹልማን እ.ኤ.አ. በ1986 ባቀረበው ጽሑፍ፣ አንድን የትምህርት ዘርፍ ማወቅና በጠቅላላው የማስተማር ዘዴን ማወቅ ተደምረው እንኳ መምህር እንደማያደርጉ፣ በመካከላቸው ሌላ ዓይነት እውቀት እንዳለ አስረድቷል። ይህ እውቀት የተወሰነው ርእስ ለተማሪ በምን ምሳሌና በምን ቅደም ተከተል ቢቀርብ እንደሚገባው፣ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚያደናቅፈውና ይዞት የሚመጣው የተሳሳተ ግንዛቤ ምን እንደሆነ ማወቅ ነው። ባልደረቦችዎ «ሥራውን ታውቂዋለሽ» ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ የሚናገሩት ግን ስለ መጀመሪያው እውቀት ብቻ ነው።

ጥሩ ሬዚደንሲ ይህን ሦስተኛ እውቀት የሚያስጨብጠው በሌክቸር ሳይሆን፣ ሲያስተምሩ በሚመለከት ሰው አማካይነት ነው። አማካሪዎ ከክፍለ ጊዜው በፊት «ዛሬ ምኑን ልይልሽ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ የጠየቋቸውን ጥያቄዎች እንዳሉ ይጽፋል፤ ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ ምን ያህል እንደጠበቁም በሰዓት ይይዛል። ይህ የመጨረሻው ተራ ነገር እንዳይመስልዎ። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሳተመቻቸው ጥናቶች፣ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው በአብዛኛው አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ፣ ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያራዝሙት ግን የተማሪዎቹ መልስ እንደሚረዝምና የሚመልሱትም እንደሚበዙ አሳይታለች። ክፍል ፊት ለቆመ አዲስ መምህር ሦስት ሰከንድ ዝምታ ረጅም ነው፤ ራሱ መልሶት ያልፋል፤ ማለፉንም አያውቀውም። ከኋላ የተቀመጠው ሰው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ምዘናው ደግሞ ከማስተማሩም ይልቅ ልምድ ያላቸውን ባለሙያዎች ሲያስቸግር አያለሁ። ተማሪው በየጣቢያው እየዞረ ክህሎቱን የሚያሳይበትን፣ ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1975 ያስተዋወቁትንና ዛሬ ኦስኪ የምንለውን ፈተና ያውቁታል፤ ተፈትነውበትም ይሆናል። የአንድ ጣቢያ ቼክሊስት እንዲያዘጋጁ ቢታዘዙስ? ጣቢያው ጉልበት ምን ያህል እንደሚታጠፍ ጎኒዮሜትር በተባለው ባለ ሁለት ክንድ የማዕዘን መለኪያ መለካት ነው እንበል፤ እርስዎም «መሣሪያውን በትክክል አስቀመጠ» የሚል መስመር ጻፉ። አማካሪዎ አንድ ተማሪ ሲለካ የሚያሳይ ቪዲዮ ለሁለት ፈታኞች ለየብቻ ያሳያቸዋል፤ አንደኛው ሙሉ ነጥብ ይሰጣል፣ ሌላኛው ዜሮ። ያን ጊዜ መስመሩ ለሦስት መከፈል እንዳለበት ይገለጣል፤ የመሣሪያው መሐል በጉልበቱ የውጪ ጎን ባለው የጭን አጥንት ጉብታ ላይ መሆኑ፣ የማይንቀሳቀሰው ክንድ ከዳሌው በታች በጎን በኩል ወደሚዳሰሰው የጭን አጥንት ጉብታ መቅናቱ፣ የሚንቀሳቀሰው ክንድ ደግሞ ወደ ቁርጭምጭሚቱ የውጪ አጥንት መቅናቱ። ተማሪዋ የጠየቀችዎትን ጥያቄ የሚመልሰው ልምምድ በመሠረቱ ይኸው ነው፤ «ትክክል» ወይም «ያስታውቃል» ያሉትን ነገር ሌላ ሰው ሊያየው እስኪችል ድረስ መዘርዘር።

ፒኤችዲን በሚመለከት ባልደረቦችዎ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንዱን በሌላው መተካት የፈለጉ ይመስለኛል። ፒኤችዲ በዋናነት ተመራማሪን ያሠለጥናል፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ያለእሱ የአካዳሚክ ማዕረግ ዕድገት አይታሰብም። ስለዚህ በመምህርነት ለመዝለቅ ካሰቡ አንድ ቀን መማርዎ አይቀርም፤ ሬዚደንሲውም ይተካልኛል ብለው አይግቡበት። የመመረቂያ ጥናቱን ጨርሶ ክፍል ውስጥ የሚደናገር ዶክተር ግን ጥቂት አይደለም። ይልቅ ዓመቱን ሙሉ ሲያስተምሩ የትኛው ጥያቄ እንደሚከነክንዎ ስለሚያውቁ፣ የፒኤችዲ ርእስዎንም እዚያው ሊያገኙት ይችላሉ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን የምመርጠው ለዚህም ጭምር ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ጥሩ ሬዚደንሲ ነው። ስሙ ብቻ ሬዚደንሲ የሆነ፣ ውስጡ ግን በርካሽ ዋጋ የማስተማር ጫና የሚያራግፉበት ቦታም ሊያጋጥምዎ ስለሚችል፣ ከመፈረምዎ በፊት በጽሑፍ ጠይቀው በጽሑፍ መልስ ይቀበሉ። አማካሪዎ ማን እንደሆነ፣ በወር ስንት ጊዜ ክፍልዎ ገብቶ እንደሚመለከት፣ ለዚህም ከራሱ የማስተማር ጫና ሰዓት ተቀንሶለት እንደሆነ ይጠይቁ። ሰዓት ያልተቀነሰለት አማካሪ ቸርነቱ ቢበዛም በፈተና ሰሞን አያገኙትም። እርስዎን የሚመለከተውና በዓመቱ መጨረሻ ስለ ቅጥርዎ የሚወስነው አንድ ሰው ከሆነ ደግሞ ያልቻሉትን ለመደበቅ ይገደዳሉ፤ ቢለያዩ ይሻላል። አንድን ኮርስ ከዓላማው ጀምረው እንዲቀርጹ፣ እንዲያስተምሩ፣ ፈተናውን እንዲያወጡና ውጤቱን አይተው እንዲያሻሽሉ ዕድሉ ይሰጥዎ እንደሆነም ይወቁ። የሌላ ሰው ስላይድ ተቀብሎ ዓመቱን ሙሉ ማንበብ ሥልጠና አይደለም። በተረፈ ስለ ኮሚቴ፣ ስለ ስብሰባና ስለ ሪፖርት አይጨነቁ፤ እሱን ማንም ሳያስተምርዎ ይለምዱታል።

ስለ ክፍያው አቅምዎን የሚያውቁት እርስዎ ስለሆኑ ልወስንልዎ አልችልም። ሆኖም በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን በሕክምና ሥራዎ እንዲቀጥሉ የሚፈቅድ ውል ይደራደሩ፤ የገቢውን ክፍተት ያጠብልዎታል፤ ለክፍልም የትናንት ታካሚ ይዘው ይገባሉ። ስለ አማካሪው ላነሡት ጥያቄ በቁጥርና በስም የተደገፈ መልስ ከሰጡዎ ይግቡ። «በሂደት እናየዋለን» ካሉዎ ግን የእነዚያን ባልደረቦችዎን ምክር ተቀብለው በቀጥታ ለመምህርነት ያመልክቱ፤ ከኋላ ተቀምጦ የሚያይዎትን ነባር መምህር ራስዎ ፈልገው ይለምኑ።