ራስ ምታቱ የማይግሬን ነው ወይስ የሉፐስ?

ሰሞኑን የሉፐስና (የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት በሽታ ነው) የራስ ምታት ጥያቄ በዝቶብኛል። አራቱን ላንሳ።

«ሉፐስ አለብሽ ከተባልኩ ሁለት ዓመቴ ነው። አሁን ደግሞ ግማሽ ራሴን ይወቅረኛል፣ ብርሃን ማየት አልችልም፣ ያስመልሰኛል። ሉፐሱ አንጎሌ ገብቶ ይሆን?»

እህቴ፣ የጻፍሽው ማይግሬን ነው የሚመስለው። ማይግሬንም ሉፐስም ወጣት ሴቶች ላይ ስለሚበዙ አንድ ሰው ላይ ቢገናኙ አይገርምም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የጥናቶች ግምገማ ማይግሬን ሉፐስ ያለባቸው ላይ ጎልቶ አላገኘውም፤ ከዚያ ወዲህ በዝቶ ያገኙትም አሉ። ግን ድንገት የመጣ ከባድ ሕመም፣ ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር፣ የእጅ መዛል፣ የንግግር መኮላተፍ ካየሽ ነገ አትበይ፣ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ሂጂ። የደም ግፊትሽንም ተለኪ፤ ሉፐስ ኩላሊት ከነካ ግፊት ይጨምራል።

«ከዘጌ በጀልባ ስመለስ ራሴን ያመኛል፣ ጉንጬና አፍንጫዬ ላይ ቀይ ሽፍታ ይወጣል። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ታሸኛለች።»

እናትሽን አትቆጪ፣ ፀሐይ መሆኗን አውቀዋል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ጣና ደግሞ ብርሃኑን መልሶ ፊትሽ ላይ ይረጨዋል፤ ለማይግሬን ይሄ ብቻውን ይበቃል። እኔን ያሳሰበኝ ሽፍታው ነው፣ የሉፐስ ምልክት ሊሆን ይችላል። ለቀናት ከቆየ፣ መገጣጠሚያሽን ከቆረጠመሽ፣ አፍሽ ከቆሰለ ወይም ፀጉርሽ ከረገፈ የደምና የሽንት ምርመራ ጠይቂ። ኤኤንኤ የሚባለው፣ የራስን አካል የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል የሚፈልገው የደም ምርመራ ፖዘቲቭ ቢሆን እንኳ ብቻውን ሉፐስ ነው አያሰኝም፣ ስለዚህ ውጤቱን ይዘሽ አትደንግጪ። እስከዚያው ጃንጥላ ያዢ፣ ደመና ቢሆንም።

«ዳይክሎፌናክ ሳልውጥ የምውልበት ቀን የለም። ሉፐስም አለብኝ። ችግር አለው?»

አዎ፣ አለው። እነ ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ኩላሊት ይጎዳሉ። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ከወሰድሻቸው ደግሞ ራሳቸው ራስ ምታት ያመጡብሻል። ከፋርማሲ መግዛቱን ተይና ለሐኪምሽ ንገሪ።

«ሉፐስ አለብኝ። ራሴን ሊያመኝ ሲል ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል መስመር አያለሁ። የወሊድ መከላከያ ክኒን እወስዳለሁ።»

ይቺን ጥያቄ ሁሉም ሴት ብታነባት ደስ ይለኛል። ብልጭታው ኦራ ይባላል፤ ከኦራ ጋር ማይግሬን ያለባት ሴት ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ያለበት ክኒን ስትወስድ የስትሮክ አደጋዋ ይጨምራል። አንዳንድ የሉፐስ ታማሚዎች ደግሞ ደም የሚያረጋ አንቲፎስፎሊፒድ የሚባል ፀረ እንግዳ አካል አላቸው፣ ሁለቱ ከተገናኙ ይብሳል። ምርመራውን ጠይቂ፣ ክኒኑንም በቶሎ አስቀይሪ፤ እንደ ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው) ያለ ኤስትሮጅን የሌለው አማራጭ አለ። ፅንስ ተደጋግሞ ወርዶብሽ ወይም እግርሽ ላይ ደም ረግቶ የሚያውቅ ከሆነ ይህንንም ሳትደብቂ ንገሪያቸው።