የመኪናሽን በር ከታች በኩል አይተሽው ታውቂያለሽ?

እህቴ፣ ጥያቄሽ የብዙዎቻችን ነው። ካዛንቺስ ነው የምሠራው፣ መኪናዬ ውጭ ነው የምታድረው፣ በዚህ ክረምት ዛሬ አሳጥቤያት ነገ ጭቃ ነች ብለሻል። እስከ መስከረም ሳላሳጥባት ብቆይስ? ሸራ ልግዛላት? እንዳትዝግ ከሥሯ የተቃጠለ ዘይት አስረጪ የሚሉኝን ልስማቸው? እኔ 14 ክረምት በአንዲት ኮሮላ ከፒያሳ አራት ኪሎ ስመላለስ አሳልፌያለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

እኔም መጀመሪያ ላይ ላዩን ብቻ ነበር የማየው። ቅዳሜ ቅዳሜ ላቫጆ እወስዳታለሁ፣ ታጥባ ታብረቀርቃለች፣ ደስ ብሎኝ ወደ ቤት እመለሳለሁ። አንድ የነሐሴ ጠዋት የኋላውን በር ስከፍት ውስጡ ውሃ ሲንቦጫቦጭ ሰማሁ። በሩን ወዝወዝ አደረግኩት። ግማሽ ድረስ የሞላ ጀሪካን ነው የሚመስለው። ዝቅ ብዬ የበሩን የታች ጠርዝ በጣቴ ዳበስኩት። ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት፤ ሁሉም በጭቃና በበሰበሰ ቅጠል ተደፍነዋል። አንዱን በስቴኪኒ ነካ ሳደርገው ጥቁር ውሃ ዥው ብሎ ወርዶ ጫማዬን አበሰበሰው። ቀይ የዝገት ፍርፋሪም አብሮ ወረደ። ባቲላሜራ ጋ ስወስዳት ላሜራው ከውስጥ ተበልቶ አልቋል፤ ቀለሙ ብቻ ነው የያዘው። ተቆረጠ፣ ተበየደ፣ ስቱኮና አንቲራስት የሚሉት የዝገት መከላከያ ተቀባ። የወር ደሞዜን የሚጠጋ ብር ወጣብኝ።

ዝናብ በመስታወቱ ጎማ በኩል ወደ በሩ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። አዲስ መኪናም ቢሆን ይገባበታል። ከታች ቀዳዳ የተተወለትም ለዚሁ ነው። ችግሩ የሚመጣው ውሃው መውጫ ሲያጣ ነው። ስለዚህ ክረምቱን በየሁለት ሳምንቱ አራቱንም በር ክፈቺና ቀዳዳዎቹን በስቴኪኒ ጥረጊያቸው። ሽቦ አትጠቀሚ፣ ቀለሙን ይፍቀዋል። አምስት ደቂቃ አይፈጅብሽም።

ቀጥለሽ ኮፈኑን ክፈቺ። ከፊት መስታወቱ ሥር፣ የዝናብ መጥረጊያው በተተከለበት ቦታ ቅጠል ይጠራቀማል። ዛፍ ሥር የምታቆሚ ከሆነ በየሳምንቱ አንሺው። እዚያ ያለው መውረጃ ከተዘጋ ውሃው በንፋስ ማስገቢያው በኩል ዞሮ እግርሽ ሥር ይወርዳል። ምንጣፉ ደርቆ ሊያታልልሽ ይችላል፤ ግለጪውና ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ በመዳፍሽ ተጫኚው። እጅሽን ካረጠበሽ ጋዜጣ ዘርጊበት፣ ሲረጥብ ቀይሪው፣ ፀሐይ ብቅ ስትል በሮቹን ክፈቺላት። ይህን የዘለለ ሰው በመስከረም መኪናው ውስጥ የሻጋታ ሽታ ይቀበለዋል።

አሁን ወደ እጥበቱ። እስከ መስከረም እንዳትተያት፣ እባክሽ። ፓራፋንጎ ውስጥ፣ ማለትም ጎማውን ከላይ በሚሸፍነው ላሜራ ሥር፣ የተጋገረ ጭቃ እንደ እርጥብ ጨርቅ ነው፤ ላዩ ሲደርቅ ውስጡ ለቀናት እርጥበት ይዞ ላሜራው ላይ ይቀመጣል። ላይዋ ቢቆሽሽ ግድ የለም፣ ታችኛው ክፍል ግን በየሳምንቱ ይታጠብ። ላቫጆ ስትደርሺ ልጆቹን መጀመሪያ ከሥርና ከጎማዎቹ ውስጥ በግፊት ውሃ እንዲጀምሩ ንገሪያቸው። የጎማውና የላይኛው ጨርቅ ለየብቻ ይሁን። ቸርኬ የጠረገ ጨርቅ አሸዋ ይይዛል፤ ኮፈኑ ላይ ሲያርፍ ፀሐይ ላይ የምታዪያቸውን ክብ ክብ ጭረቶች የሚሠራው እሱ ነው። እኔ የራሴን ሁለት ፎጣ ፖርታባጋሊ ውስጥ ይዤ ነው የምሄደው፣ አንድም ቀን ቅር ያለው የለም። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቀለሙን የሚሸፍነውን ዋክስ ያጥበዋልና የመኪና ሻምፑ ይሻላል። ሞተሩን በግፊት ውሃ አታስመቺ። ኤሌክትሪኩ ውስጥ ውሃ ከገባ መንገድ ላይ ታንቃ ትቆማለች።

ግንባታ ባለበት መንገድ ስታልፊ ሲሚንቶ የቀላቀለ ውሃ ከተረጨባት ያንኑ ዕለት በብዙ ውሃ አስለቅቂው። ከደረቀ በጥፍርሽ አትፋቂው። አቼቶ በውሃ አቅጥነሽ ጨርቅ ንከሪና ጥቂት ደቂቃ ላዩ ላይ አሳርፊበት፤ ሲለሰልስ አንሺውና ወዲያው በውሃ እጠቢው።

ዋክስ በሰኔ መጀመሪያ፣ ዝናቡ ሳይጠና ይቀባ። ፖሊሽና ዋክስ አንድ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ፖሊሽ ቀለሙን በስሱ ፍቆ ያበራል፤ ዋክስ ግን ከላይ ይሸፍናል። ላንቺ አሁን የሚያስፈልግሽ ሁለተኛው ነው። ማለቁን ለማወቅ ኮፈኑ ላይ ውሃ አፍስሺ። ጠብ ጠብ ብሎ ከተንከባለለ አለ፤ ከተንጣለለ ድገሚው።

ሸራውን እኔ አልገዛም። ጭቃ ያለባት መኪና ላይ ሲለብስ ነፋስ ባንቀሳቀሰው ቁጥር ቀለሙን ይፍቃል፣ እርጥበቱንም አፍኖ ያቆየዋል። ጣሪያ ያለው ማቆሚያ ካገኘሽ ገንዘብሽን እዚያ ላይ አውጪው፤ ለበረዶም ያ ነው የሚያዋጣው።

የተቃጠለውን ዘይት ደግሞ በፍጹም እንዳትሰሚያቸው። ጎማ ነክ ዕቃዎችን እያሳበጠ ያበላሻቸዋል፣ ፍሬን ሸራ ላይ ከደረሰ መኪናዋ መያዝ ታቆማለች። ቸርችልን ወደ ታች ስትወርጂ ፍሬን አልይዝ ቢልሽ ምን እንደሚመጣ አስቢው። ከሥር መቀባት ካማረሽ በጋ ላይ በደንብ ታጥባና ደርቃ ለዚሁ የተሠራውን መከላከያ አስቀቢያት። እርጥብ ላይ ከተቀባ ውሃውን ከነዝገቱ ነው አፍኖ የሚይዘው።

ጠዋት የፍሬን ዲስኩ በዝገት ቀይ ሆኖ ብታገኚው አትደንግጪ፣ ሁለት ሦስቴ ፍሬን ስትይዢ ይለቃል። መስታወቱ ጉም ሲለብስ ኤሲውን ክፈቺ፣ አየሩ ከውጭ እንዲገባም አድርጊ።

ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት ቢባልም በመስከረምም ይዘንባል። መስቀል እስኪያልፍ ስቴኪኒው ዳሽቦርድሽ ውስጥ ይቀመጥ። ለዛሬ ግን ይህን ካነበብሽ በኋላ ውረጂና የኋላውን በር ወዝወዝ አድርገሽ ስሚው። የሚንቦጫቦጭ ከሆነ እዚሁ ጻፊልን።