እናትህን ጠይቃት፣ ጉማራም ውረድ

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ፦

በኔዘርላንድ፣ ዴልፍት ከተማ፣ በውሃ ምህንድስና የዶክትሬት ትምህርቴን ለ4 ዓመታት ተከታትዬ ከተመለስኩ 7 ወር ሆነኝ። የማስተምረው ከመሄዴ በፊት በነበርኩበት ዩኒቨርሲቲ ነው። ጥናቴ ወደ ጣና ስለሚገባው ስለ ጉማራ ወንዝ ሲሆን፣ የተጠቀምኩትም የወንዙ መለኪያ አንባቢ፣ ማለትም የውሃውን ከፍታ ከመለኪያው ላይ የሚያነበው ሰው፣ ጠዋትና ማታ እየመዘገበ ባቆየው ቁጥር ነበር።

በመጣሁ በማግሥቱ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ዘመዶቼ ቤቱን ሞልተው ያሳደገችኝን አያቴን አረዱኝ። ከሞተች 2 ዓመት አልፏታል። በደወልኩ ቁጥር እናቴ «ተኝታለች»፣ «ጠበል ሄዳለች» ትለኝ ነበር። እስካሁን ከእናቴ ጋር በቅጡ አልተነጋገርንም።

ሥራ ቦታዬም አልለመደኝም። ዴልፍት ምሳ ማለት ከቤት የመጣ ዳቦና አይብ ነበር፤ በሩብ ሰዓት ያልቃል። እዚህም ቢሮዬ ተቀምጬ እያነበብኩ ስበላ ባልደረቦቼ «ኮርቷል» ማለታቸውን ሰማሁ። በስብሰባ ስለ ቤተ ሙከራ አያያዝ ስናገር «ይህ ሆላንድ አይደለም» ብለው ያቋርጡኛል። ባለፈው ወር ደግሞ ለጠዋት ፈተና «8 ሰዓት» ብዬ ማስታወቂያ ለጠፍኩ፤ ተማሪዎቹ ከምሳ በኋላ መጡ። ሁሉም ሳቁ። እኔ በሬን ዘግቼ አለቀስኩ። እዚያ ሳለሁ እዚህ ይናፍቀኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ እዚያ ይናፍቀኛል። ምን ነካኝ?

እንግዳው ነኝ

መልስ፦

ልጄ፣ የነካህ ክፉ ነገር የለም። የሰዓቱ ስሕተት ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የመቁጠር ጉዳይ ነውና ራሱ ይለቅሃል። የሆላንዱ ብስክሌት ከናፈቀህም፣ ብስክሌት የለመደችው ባሕር ዳር ቅርብህ ናት።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ምሳውና ስለ ስብሰባው ሰፋ አድርገህ ጽፈሃል፤ ስለ አያትህ የጻፍከው ግን አጭር ነው። እኔ እዚያው ላይ ቆምኩ። የዘጋኸውም በር ለፈተናው ብቻ የተዘጋ አልመሰለኝም።

በ1973 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ልማር ሌኒንግራድ፣ የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ፣ ሄድኩ፤ አንድ ዓመት ቋንቋ፣ አምስት ዓመት ትምህርት። የቤቴን ደብዳቤ የሚጽፍልኝ አባቴ ነበር። በአራተኛው ዓመት ጽሕፈቱ ተለወጠ። «አባባ ዓይኑ ስለደከመ እኔ እጽፍለታለሁ» አለኝ ወንድሜ፤ አመንኩ። በ1978 ዓ.ም. ሐምሌ ስመለስ፣ በሦስተኛው ቀን ንጋት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ገባ። አባቴ ከሞተ 2 ዓመት ሆኖት ነበር።

እናቴን አንድ ዓመት ሙሉ አኮረፍኳት። «ለምን ዋሻችሁኝ?» የሚለው ከአፌ አልጠፋም። አንድ ቀን ቡና እየቆላች፣ ቀና ሳትል፣ «እዚያ ማን ይይዝሽ ነበር?» አለችኝ። ሌኒንግራድ በታኅሣሥ ቀኑ 6 ሰዓት አይሞላም። በዚያ ጨለማ፣ በተማሪዎች መኖሪያ ሦስተኛ ፎቅ፣ ወረቀቱን ብቻዬን ይዤ ራሴን አሰብኩት። መርዶ ለብቻ አይነገርም፤ ስትወድቅ የሚያነሳህ፣ ፊትህን ስትነጭ እጅህን የሚይዝህ ሰው ባለበት ነው።

በዚህ በስልክ ዘመን ልማዱ ይቅር የሚሉ አሉ። እኔም ሰው የራሱን ሐዘን በጊዜው ማወቅ ይገባዋል እላለሁ። እናትህን ግን አስባት። ጥቁሯን እንደለበሰች፣ በደወልክ ቁጥር ጉሮሮዋን ጠርጋ «ተኝታለች» ያለችህ እሷ ናት። 2 ዓመት ሙሉ እናቷን እያለቀሰች አንተን ስትጠብቅ ኖራለች። ሂድና «እንዴት ሞተች?» ብለህ ጠይቃት። በመጨረሻ ምን አለች? ማን ገነዛት? ድንኳኑን ማን ተከለ? በአርባዋ አንተን ተክቶ ማን ቆመ? ከዚያ በእድሩና በጎረቤቱ ቤት በየተራ ዙር። ያንተን ለቅሶ ያለቀሱልህ እነሱ ናቸው። አንድ ቅዳሜ አይበቃውም።

የምሳውም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። በነዚያ 4 ዓመታት ያንተን ኮርሶች ማን ያስተምር ነበር? የፈተና ወረቀቱን ማን ያርም ነበር? አሁን «ኮርቷል» የሚሉህ ሰዎች ይመስሉኛል። ዳቦህን ተወውና ከትሪው ዙሪያ ቁጭ በል፤ በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ቤተ ሙከራው ለምን እንደዚያ እንደሆነ፣ የትኛው ዕቃ መቼ ተበላሽቶ ግዥው የት ላይ እንደቀረ ትሰማለህ። በስብሰባ ቃለ ጉባኤ አታገኘውም።

ከሌኒንግራድ እንደተመለስኩ የተመደብኩት ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ነበር፤ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራ ተቋም ስለሆነ ቤቴ የገባሁ መስሎኝ «ሌኒንግራድ እንዲህ ነው የሚደረገው» ማለት አበዛሁ። አንድ አዛውንት የማሽን ባለሙያ ዝም ብለው ያዳምጡኝ ነበር። ከወራት በኋላ መለዋወጫ የሌለውን ማሽን እንዴት እንዳቆዩት ጠየቅኳቸው። የተሰበረውን የማሽን ጥርስ ከቁርጥራጭ ብረት በቶርኖ አውጥተው እንደተኩት አሳዩኝ። እኔ ያንን በስድስት ዓመት አልተማርኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸውም ጥያቄ ይጠይቁኝ ጀመር።

ሐሳብህን ግን እንዳትጥል። የተማርከው ለዚህ ነው፤ ዝም ብትልም አዝንብሃለሁ። አንዱን ብቻ ምረጥ፣ በራስህ ክፍል ለአንድ ሴሚስተር ሠርተህ አሳይ፣ ከዚያ ተናገር። ዴልፍትን መናፈቅህንም አትፈርበት። አራት ዓመት ኖረህበት እንዴት አይናፍቅህ? እኔ እስከ ዛሬ የሌኒንግራዱ ኔቫ ወንዝ በሕልሜ ይመጣል።

አንድ ልመና አለኝ። የጉማራው መለኪያ አንባቢ በክረምት የፎገራ ሜዳ በጎርፍ ሲሸፈን ሳይቀር እየወረደ ቁጥሩን ጽፏል፤ አንተ ያንን ቁጥር ዴልፍት ወስደህ ዶክተር ሆነህበታል። ለእሱ ግን ቁጥሮቹ የት እንደደረሱ እስካሁን የነገረው ያለ አይመስለኝም። ከቁጥሮቹ ያወጣኸውን የወንዙን ፍሰት ግራፍ በትልቅ ወረቀት አሳትመህ፣ ተማሪዎችህን አስከትለህ፣ የጠዋቱ ንባብ ሳያመልጥህ ድረስለት። የሰውን ሰዓት ተጠቀም፤ 12 ሰዓት ማለት ንጋት ነው። ወረቀቱን ድንጋይ ላይ ዘርጋለት። መስመሩ ከፍ ያለበትን ቦታ በጣቱ እየነካ የትኛው ክረምት እንደነበር እሱ ራሱ ይነግርሃል፤ ተማሪዎችህ ይጻፉት።